በገዛ መልኳ እንዳትጫወት የተከለከለች፤ የአና ሜይ ዎንግ ታሪክ

አንድ ሕዝብ ሌላውን ሕዝብ በዐይኑ ሳያየው የሚያውቀው፥ ወይም ያወቀው የሚመስለው፥ በወሬ በመጽሐፍና በሥዕል ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሲኒማ ከእነዚህ ሁሉ የበረታ መምህር ሆኖ ተነሣ። የቻይናን ምድር ረግጦ የማያውቅ፥ ከቻይናዊም ጋራ አንድ ቀን ቃል ተለዋውጦ የማያውቅ የአሜሪካና የአውሮጳ ሰው፥ ቻይናዊ ማለት ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ከነጭ መጋረጃ ላይ ተማረ። የተማረውም ትምህርት አብዛኛው ሐሰት ነበረ፤ ቻይናዊ ሆኖ የሚታየው ሰው ብዙ ጊዜ ቻይናዊ አልነበረምና። የዚህን ነገር ጕዳት ከሁሉ ይልቅ በሕይወቷ የቀመሰች፥ በሥራዋም ስትከራከረው የኖረች፥ አና ሜይ ዎንግ የምትባለው የሲኒማ ተጫዋች ናት። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አና ሜይ ዎንግ በካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ ከተማ ጃንዋሪ 3 ቀን 1905 ዓ.ም. ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት የቻይና ስም ዎንግ ሊው ጾንግ ሲሆን ትርጓሜው ውርጭ ያረፈበት አኻያ እንደ ማለት ነው። አባቷ ዎንግ ሳም ሲንግ የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ነበረ፤ እርሱም ራሱ የተወለደው በዚያው በካሊፎርኒያ ነው። ስለዚህ ልጅቱ በትውልድ አገሯ አሜሪካዊት፥ በመልኳና በቤት ቋንቋዋ ቻይናዊት ሆና አደገች። በሕግ ፊት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1882 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ፥ በውጭ አገር የተወለዱ ቻይናውያንም የአሜሪካን ዜግነት እንዳያገኙ ተከልክሎ ነበር። በ1898 ዓ.ም. የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአሜሪካ ምድር የተወለደ የቻይናዊ ልጅ የአሜሪካ ዜጋ መሆኑን ፈረደ፤ ቢሆንም እንዲህ ያለው ዜጋ ከአገር ለመውጣት በፈለገ ጊዜ፥ ተመልሶ እንዲገባ ይፈቀድለት ዘንድ አስቀድሞ ቅጽ መሙላትና በሹማምንት መመርመር ነበረበት። አና ሜይ ዎንግ ስሟ በዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ ይህን ቅጽ ከመሙላት አልዳነችም።

በልጅነቷ ከታላቅ እኅቷ ጋራ በመንግሥት ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። ነገር ግን ከነጮቹ ልጆች የሚደርስባቸው ስድብና ጕንተላ ስለ በዛ፥ ወላጆቻቸው ከዚያ አውጥተው የፕሬስቢቴርያን ሚሲዮን ለቻይናውያን ልጆች ወዳቆመው ትምህርት ቤት አዛወሯቸው። በዚያው ወራት የፊልም ሥራ ማኅበሮች ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ እየፈለሱ፥ መሣሪያቸውን በከተማው ጎዳና ላይ ተክለው ሥዕል ያነሡ ነበር። ልጅቱም ለምሳዋ የሚሰጣትን ሳንቲም ለሲኒማ መግቢያ እያደረገች፥ ሥዕል የሚነሣበትንም ስፍራ እየተከታተለች ቆማ ትመለከት ጀመር። ዘወትር ከአጠገባቸው ስለማትጠፋ፥ ሠራተኞቹ ነገርን ሁሉ የምትመረምር ቻይናዊት ልጅ የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። አባቷ ይህን ዝንባሌዋን አልወደደውም፤ በቻይናውያን ዘንድ በጥንት ልማድ የቴአትር ተጫዋችነት የተናቀ ሥራ ነበርና። እርሷ ግን በ1919 ዓ.ም. ቀዩ ፋኖስ በተባለው ፊልም ፋኖስ ከሚሸከሙት ብዙ አጃቢዎች አንዲቱ ሆና ገባች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፊቷን ለይቶ የሚያይ ባይኖርም ደጁ ተከፈተላት። በ1921 ዓ.ም. ትምህርቷን ትታ ለዚሁ ሥራ ራሷን ሰጠች።

በሚቀጥለው ዓመት፥ ዕድሜዋ 17 በሆነ ጊዜ፥ የባሕር ቀረጥ በተባለው ፊልም ዋናውን ክፍል አገኘች። ይህ ፊልም በቴክኒከለር ጥበብ ቀለም ኖሮት በሆሊውድ ከተሠሩት የመጀመሪያው በመሆኑ በሲኒማ ታሪክ ይጠቀሳል። ታሪኩ ማዳም በተርፍላይ ከተባለው የታወቀ ኦፔራ የተቀዳ ነው። አንዲት ቻይናዊት ልጅ ከባሕር ዳር ወድቆ ያገኘችውን አሜሪካዊ ትወዳለች፥ ልጅም ትወልድለታለች፤ እርሱ ግን ትቷት ወደ አገሩ ሄዶ ነጭ ሴት ያገባል፤ በመጨረሻም ልጇን ለእነርሱ አሳልፋ ሰጥታ ራሷን ወደ ባሕር ትጥላለች። የጊዜው ጋዜጦች የልጅቱን ችሎታ እጅግ አመሰገኑ። ነገር ግን የወደፊት ዕጣዋ በዚህ በመጀመሪያው ታላቅ ሥራዋ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በሠራቻቸው ብዙ ፊልሞች ውስጥ የምትጫወታት ሴት ወይ ነጩን ወዳ ትሞታለች፥ ወይ ተንኰለኛ ሆና ትገደላለች። አግብታ፥ ልጆቿን አሳድጋ፥ በሰላም ያረጀችን ቻይናዊት ሆሊውድ ለማሳየት አልፈለገም። እርሷም በፊልም ሁሉ መሞቷን በሣቅ እያዋዛች በምሬት ትናገረው ነበር።

በ1924 ዓ.ም. ዳግላስ ፌርባንክስ የባግዳድ ሌባ በተባለው ታላቅ ፊልሙ የሞንጎል ባሪያ ሆና እንድትጫወት መረጣት፤ ያም ፊልም ስሟን ከአሜሪካ አውጥቶ በዓለም አስታወቀ። ነጭ ብትሆን ኖሮ ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁሉ በተጠረገላት ነበር። ለእርሷ ግን ዝናዋ በጨመረ ጊዜ የሚሰጣት ክፍል አልጨመረም። በ1927 ዓ.ም. ሚስተር ዉ የተባለው ፊልም ሲሠራ ቻይናዊውን አባት ሎን ቻኒ፥ ቻይናዊቱን ልጅ ፈረንሳዊቱ ረኔ አዶሬ ሆነው ተጫወቱ፤ አና ሜይ ዎንግ ከኋላ ከሚከተሉት አንዲቱ ሆነች። በማግሥቱ ዓመት በሌላ ፊልም ቻይናዊቱን መርና ሎይ ስትሆን እንዲሁ ከጎን ቆመች።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአንድ ወይም የሁለት ሰዎች ክፋት ብቻ አልነበረምና። በካሊፎርኒያና በሌሎችም ብዙ ክፍለ አገሮች ነጭ ከእስያ ተወላጅ ጋራ እንዳይጋባ ሕግ ይከለክል ነበር፤ የካሊፎርኒያው ሕግ የፈረሰው በ1948 ዓ.ም. ነው። የፊልም ባለቤቶችም በ1930 ዓ.ም. ባወጡትና ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አጥብቀው በሠሩበት ደንብ የነጭና የጥቁር ሰው ፍቅር በሲኒማ እንዳይታይ ከለከሉ። የደንቡ ቃል ጥቁርን ብቻ ቢጠቅስም፥ በሥራ ላይ ለእስያ ተወላጆችም አስፋፍተው ያዙት። ከዚህ የሚከተለውን ነገር አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከት። የፊልሙ ዋና ወንድ ዘወትር ነጭ ነው፤ ቻይናዊ ሆኖ የሚጫወትም ቢሆን ፊቱን የተቀባ ነጭ ነው። ዋናይቱ ሴት ደግሞ የእርሱ ሚስት ወይም ወዳጅ ናት። እንግዲህ ከነጭ ጋራ መሳሳም ያልተፈቀደላት ቻይናዊት፥ የቻይናዊ ሚስት ሆና ልትጫወት አትችልም ማለት ነው። ስለዚህ ከነጮቹ ሴቶች አንዲቱን ወስደው፥ ዐይኗን ስበው ፊቷን ቀብተው ቻይናዊት አስመስለው ያቀርባሉ፤ እውነተኛይቱን ቻይናዊት ግን ገረድ ወይም ክፉ ሴት አድርገው ከጎን ያቆማሉ። ሕጉ ሁለት ሰዎች እንዳይጋቡ ብቻ የወጣ ይመስል ነበር፤ ፍሬው ግን አንድ ሕዝብ የገዛ ራሱን መልክ እንዳያሳይ ማድረግ ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ይህ ስለ ሰለቻት ወደ አውሮጳ ሄደች። በበርሊን ሪቻርድ አይኽበርግ ከሚባለው የፊልም አዘጋጅ ጋራ ሠራች፤ በዚያም ሕዝቡ በአክብሮት ተቀበላት። በ1929 ዓ.ም. ለንደን ላይ ፒካዲሊ የተባለው ፊልም ወጣ። ከወጥ ቤት ዕቃ አጣቢነት ተነሥታ ከተማውን ሁሉ የምታስደንቅ ጨፋሪ የሆነችውን ልጅ የተጫወተችበት ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ከምርጦቿ ይቈጠራል፤ እርግጥ በዚህም መጨረሻው መገደል ነው። በዚያው ዓመት በለንደን መድረክ ላይ ገና ወጣት ከነበረው ከላውረንስ ኦሊቪየር ጋራ የኖራ ክበብ በተባለ ቴአትር ተጫወተች። የጋዜጣ ተቺዎች ያን ጊዜ መልኳን አድንቀው ድምፅዋን ነቀፉ፤ ከቻይናዊት ፊት የካሊፎርኒያ አነጋገር ሲወጣ መስማት አልተስማማቸውም። እርሷ ግን አልተከፋችም፤ ገንዘቧን ከፍላ የእንግሊዝን አነጋገር ከመምህር ተማረች። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛም አጥንታ፥ በ1930 ዓ.ም. በቪዬና በጀርመንኛ የሙዚቃ ቴአትር እስከ መጫወት ደረሰች፤ ያንኑ ዓመት አንዱን ፊልም በሦስት ቋንቋ፥ በእንግሊዝኛ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ፥ ደጋግማ ሠራችው። በልብስ ማጠቢያ ቤት ያደገች፥ ትምህርቷንም ሳትጨርስ የተወች ልጅ ይህን ያህል መድረሷ ሊደነቅ ይገባል።

በ1930 ዓ.ም. ፓራማውንት የተባለው የፊልም ማኅበር ዋና ዋና ክፍል እንደሚሰጣት ተስፋ ስላሳያት ወደ አሜሪካ ተመለሰች። በኒው ዮርክ በቴአትር ሥራ ላይ ሳለች በኖቬምበር ወር እናቷ በቤታቸው ደጃፍ አጠገብ መኪና ገጭቷት ሞተች። በማግሥቱ ዓመት የድራጎን ልጅ የተባለው ፊልም ወጣ። በዚህ ፊልም ሦስት ሰዎች ዋና ሆነው ተሠለፉ፤ አና ሜይ ዎንግ፥ ጃፓናዊው ሴሹ ሃያካዋና በስዊድን አገር የተወለደው ዋርነር ኦላንድ። ሃያካዋ በ1915 ዓ.ም. ከወጣው ፊልሙ በኋላ በመላው አሜሪካ ዝናው የገነነ ሰው ነበረ። ኦላንድ ፉ ማንቹ የተባለውን ክፉ ቻይናዊ ሆኖ ከመጀመሪያው ክፍል ላይ ብቻ ታይቶ ይሞታል። ደመወዛቸው ግን ለኦላንድ 12,000 ዶላር፥ ለሃያካዋ 10,000 ዶላር፥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለምትታየው ለአና ሜይ ዎንግ 6,000 ዶላር ነበረ። ይህ ቍጥር ብዙ ቃል ሳያስፈልገው ሥርዐቱን ሁሉ ይገልጣል።

በ1932 ዓ.ም. ዮሴፍ ፎን ሽተርንበርግ ባዘጋጀው የሻንጋይ ባቡር በተባለው ፊልም ከማርሌኔ ዲትሪኽ ጋራ ተጫወተች። የተሰጣት ክፍል አነስተኛ ቢሆንም፥ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምትገልጥበት ጸጥታዋ ከዲትሪኽ ውበት እኩል ይታወሳል። በዚያው ዓመት ሌላ ማኅበር ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ፊልም ሲሠራ እንደምትመረጥ ታስባ ነበር፤ ክፍሉ ግን ለነጪቱ ለሄለን ሄይስ ተሰጠ። የተሰጠውም ምክንያት አና ሜይ ዎንግ ቻይናዊት ሆና ለመጫወት ከመጠን በላይ ቻይናዊት መሆኗ ነው።

ከሁሉ የከበደው ኀዘን የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፐርል ባክ የጻፈችው መልካሚቱ ምድር የተባለው መጽሐፍ በ1931 ዓ.ም. ወጥቶ በአሜሪካ እጅግ ተነበበ። መጽሐፉ የቻይናን ገበሬ እንደ ተንኰለኛ ወይም እንደ ማላገጫ ሳይሆን፥ መሬቱን እንደሚወድ፥ በራብና በጎርፍ እንደሚፈተን፥ ልጆቹን እንደሚያሳድግ ሰው አድርጎ ያሳየ ነበረ። ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው ታላቅ ማኅበር ይህን መጽሐፍ ፊልም ሊያደርገው ተነሣ። ኦላን የምትባለውን የገበሬውን ትዕግሥተኛ ሚስት ለመጫወት ከአና ሜይ ዎንግ የበለጠ የተገባት በአሜሪካ ምድር ማንም አልነበረም፤ ጋዜጦችም ይህንኑ አስቀድመው ይጽፉ ነበር፤ እርሷም በልቧ ለዓመታት የጠበቀችው ይህን ነበር። ነገር ግን ገበሬው ዋንግ ሉንግ ሆኖ የተመረጠው በአውሮጳ የተወለደው ፖል ሙኒ ሆነ። ባልየው ነጭ ከሆነ ዘንድ ከላይ የተነገረው ደንብ ሥራውን ሠራ፤ ኦላንም በጀርመን አገር ለተወለደችው ለሉዊዘ ራይነር ተሰጠች። ለአና ሜይ ዎንግ የቀረበላት የቤቱን ሰላም የምታፈርሰው የሎተስ ክፍል ነው። እርሷም አልቀበልም አለች። ምክንያቷም ግልጽ ነበር፤ ዋናዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ነጮች ሆነው ደጋጎቹን ቻይናውያን ሲያሳዩ፥ የቻይና ደም ያላት እርሷ ብቻዋን ክፉይቱን ልታሳይ አልወደደችም።

ፊልሙ በ1937 ዓ.ም. ወጣ። በመልካም የተሠራ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ሉዊዘ ራይነርም የኦስካር ሽልማት አገኘችበት። ለእርሷ ወቀሳ አይገባትም፤ የተሰጣትን ሥራ በሙሉ ኀይሏ ሠርታለች። ጥቃቅኖቹን ክፍሎች ግን ብዙ ቻይናውያን ተጫውተዋቸዋል፤ የአና ሜይ ዎንግ ታናሽ እኅት ሜሪም ከእነርሱ አንዲቱ ነበረች። ቻይናውያን ለአጃቢነት ከተገኙ ለዋናው ክፍል አልተገኙም ለማለት አይቻልም።

አና ሜይ ዎንግ ያን ፊልም ተቀምጣ አልጠበቀችም። በ1936 ዓ.ም. ጃንዋሪ በመርከብ ተሳፍራ የአባቶቿን አገር ለማየት ወደ ቻይና ሄደች። በሻንጋይ ታላላቅ ሰዎች ተቀበሏት፤ ቢሆንም በቤቷ የተማረችው የደቡብ ክፍል ቋንቋ ስለ ነበረ ከብዙዎቹ ጋራ በአስተርጓሚ ወይም በእንግሊዝኛ መነጋገር ግድ ሆነባት። በናንኪንግ በተደረገላት ግብዣ ላይ ግን ሹማምንቱ እየተነሡ፥ በፊልም የምትጫወታቸው ባሪያዎችና ክፉ ሴቶች የቻይናን ስም በዓለም የሚያዋርዱ ናቸው በማለት ለረጅም ሰዓት ነቀፏት። እርሷም የሚሰጣትን ክፍል የምትመርጠው ራሷ አለመሆንዋን፥ ወደ ቻይናም የመጣችው ተምራ ወገኖቿን የተሻለ አድርጋ ለማሳየት መሆኑን አስረድታ መለሰች።

ይህ ወቀሳ በጥንቃቄ ሊመዘን የሚገባው ነው። ሹማምንቱ ስለ አገራቸው ክብር መቈጣታቸው ትክክል ነበረ፤ የሥዕሉን ኀይል ዐውቀውታልና። ነገር ግን ቍጣው ያረፈው ከሥርዐቱ ሰዎች ሁሉ ደካማ በሆነችው ላይ ነው። ደንቡን ያወጡት፥ ታሪኩን የጻፉት፥ ገንዘቡን የከፈሉት በናንኪንግ ግብዣ አልተቀመጡም። እንዲያውም በዚያው በ1936 ዓ.ም. ቻርሊ ቻን የተባለውን ቻይናዊ መርማሪ ሆኖ የሚጫወተው ስዊድናዊው ዋርነር ኦላንድ ሻንጋይን ሲጐበኝ በደስታ ተቀብለውት ነበር። በአሜሪካ ከመጠን በላይ ቻይናዊት የተባለች ሴት በቻይና በቂ ቻይናዊት ሆና አልተገኘችም።

እርሷ ግን በዚህ ተቈጥታ አልተመለሰችም። በፔኪንግ ተቀምጣ የሰሜኑን ቋንቋ ተማረች፥ የቻይናን ቴአትር አጠናች፥ አልባሳትም ሰበሰበች፤ በደቡብ በታይሻን ወዳለው የዘመዶቿ መንደር ሄዳ አባቷን ጠየቀች። በጕዞዋ ያስነሣችውንም ፊልም ከብዙ ዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን አሳይታዋለች።

ወደ አሜሪካ ከተመለሰች በኋላ የሠራቻቸው አንዳንድ ፊልሞች ከቀድሞዎቹ ተለዩ። በ1937 ዓ.ም. የሻንጋይ ልጅ በተባለው ፊልም፥ የአባቷን ገዳዮች ተከታትላ የምትደርስባቸውን ጀግና ሴት ተጫወተች፤ ከእርሷም ጋራ ዋና ሆኖ የተሠለፈው የኮርያ ተወላጅ ፊሊፕ አን ነበረ፤ ሁለቱም በመጨረሻ በሕይወት ይኖራሉ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪም ሆና ተጫወተች። ፊልሞቹ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩና ፈጥነው የሚረሱ ዐይነት ቢሆኑም፥ ቻይናዊት ሴት ዐዋቂና ቅን ሆና በሆሊውድ መታየቷ አዲስ ነገር ነበረ። ጃፓን በ1937 ዓ.ም. ቻይናን በወረረች ጊዜ የሲኒማ ልብሶቿን በሐራጅ ሸጣ ለስደተኞች ርዳታ ሰጠች፤ በ1942 ዓ.ም. ከሠራቻቸው ሁለት የጦርነት ፊልሞች ያገኘችውንም ደመወዝ ለዚሁ አዋለችው። በ1943 ዓ.ም. የቻይናው መሪ የቺያንግ ካይ ሼክ ባለቤት ለርዳታ ልመና ወደ ሆሊውድ በመጣች ጊዜ ግን፥ የሲኒማ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ በተጠሩበት በዓል ላይ አና ሜይ ዎንግ አልተጠራችም። የ1882 ሕግ የተሻረው በዚሁ ዓመት ነው፤ የተፈቀደውም በዓመት 105 ቻይናውያን እንዲገቡ ብቻ ነበረ።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራዋ እየቀነሰ ሄደ። በ1951 ዓ.ም. ዱሞንት በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በራሷ የቻይና ስም የተሰየመ ጨዋታ ቀረበ፤ የጥበብ ዕቃ ነጋዴ ሆና ወንጀል የምትመረምር ሴት ትጫወትበት ነበር። የእስያ ተወላጅ የሆነ ሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዋና ተጫዋች ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ ሥራ ዛሬ አንድም ክፍል አልተገኘም። ባል አላገባችም፤ ነጭ እንዳታገባ ሕግ ሲከለክላት፥ በቻይናውያን በኩል ደግሞ ሥራዋ እንቅፋት ሆኖ ነበር። ጤናዋም ታወከ።

በ1960 ዓ.ም. ስሟ በሆሊውድ ጎዳና ላይ ከታወቁት ተጫዋቾች ስም ጋራ በኮከብ ተቀረጸ። በዚያው ጊዜ ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ የእስያ ተወላጆች በሚሆኑበት የአበባ ከበሮ ዘፈን በተባለው ፊልም ውስጥ እንድትጫወት ተመርጣ ነበር። ሳትደርስበት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በሳንታ ሞኒካ በተኛችበት ልቧ ቆሞ ሞተች፤ ዕድሜዋም 56 ነበረ። ለእርሷ የታሰበውን የቻይናዊት ክፍል ጥቁር አሜሪካዊቱ ዋኒታ ሆል ተጫወተችው። በዚሁ በ1961 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ዝነኛ ፊልም ላይ ሚኪ ሩኒ የሐሰት ጥርስ አድርጎ ጃፓናዊ ሆኖ ሕዝቡን ያሥቅ ነበር።

ለሉዊዘ ራይነር የተሰጠውን ያንኑ የዋና ተጫዋችነት ሽልማት በማሌዢያ የተወለደችው የቻይና ዘር ሚሼል ዮህ በ2023 ዓ.ም. አገኘች፤ ከመልካሚቱ ምድር በኋላ ከ85 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ከዚያም አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የአና ሜይ ዎንግ መልክ የተቀረጸበት የ25 ሳንቲም ገንዘብ አወጣ፤ ከእስያ ተወላጆች መካከል መልኩ በአገሩ ገንዘብ ላይ የታተመ የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት።

ዐፅሟ ያረፈው በሎስ አንጀለስ ሮዝዴል በተባለው መካነ መቃብር፥ በእናቷ መቃብር ውስጥ ነው። ከድንጋዩ ራስ ላይ የእናቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፤ በግራው በኩል የእኅቷ የሜሪ፥ በቀኙ በኩል የእርሷ ስም በቻይና ፊደል ተቀርጿል።